ከሥሩ የሚያፈስ በርሜል በስንት ሰዓት ይሞላል

እሁድ፣ ግንቦት ሊያልቅ ሲል፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ጋምቤላ ከተማ መሃል ባለ አንድ ግቢ ውስጥ ሦስት ጎልማሳ ሰዎች ከሥሩ የሚያፈስ በርሜል በውኃ መሙላት ጀመሩ። ማፍሰሱን ሦስቱም ያውቁ ነበር። ማፍሰሻውን የገጠሙት ራሳቸው ናቸው። ከሦስቱ አንዱ እኔ ነበርኩ።

ሌሎቹ ሁለቱ አከራዬና ጎረቤቴ ናቸው። አከራዬ ከደጋ መጥተው እዚሁ ያረጁ፣ በመጋዘን ኃላፊነት ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው፤ ሰፈሩ በሙሉ ጋሼ ይላቸዋል። ጎረቤቴ በዚያው ግቢ ከእኔ ቀጥሎ ያለውን ቤት የተከራየች፣ አርባን ያለፈች የኑዌር ሴት ናት። ኩሌ የስደተኞች መጠለያ እህል ሲታደል ሰልፍ ታስተባብራለች። ጠዋት መኪና ይወስዳታል፣ ማምሻውን ይመልሳታል፤ ማታ ደግሞ ትማራለች።

በመጋቢት ላይ መሥሪያ ቤቷ የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ያላለፈ ሠራተኛ ከሰኔ በኋላ ውሉ እንደማይታደስለት አስታወቀ። እሷ ባለፈው ዓመት ተፈትና በሒሳብ ወድቃለች። ቤቷ ውስጥ ከድንበር ማዶ የመጡ የወንድሟ ልጆች አሉ፤ የሚበሉት ከዚያ ሥራ ነው። ስለዚህ አንድ ማምሻ ላይ መጽሐፏን ይዛ በራፌ ላይ ቆመች።

"ጋዜጠኛ" አለችኝ፤ በስሜ ጠርታኝ አታውቅም። "አንተ የማታውቀውን ነገር በየቀኑ በሬዲዮ ለሰው ታስረዳለህ። ሒሳብም አስረዳኝ።"

የመጣችው ትክክለኛው ሰው ጋ ነበር።

የምንሠራው በጋሼ ማንጎ ዛፍ ሥር ነው። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ነው። እኔ ወደ አማርኛ እመልሰዋለሁ፣ እሷ በኑዌርኛ ታስበዋለች፣ መልሱ በአማርኛ ይመጣል። በዚህ ሁሉ ጉዞ ቁጥሮቹ ብዙ ጊዜ በሰላም ይደርሱ ነበር። ችግር የሚገጥማቸው በጥያቄው ውስጥ ያሉት ሰዎች ናቸው።

አሠራሩን ከመጽሐፉ ምሳሌ ቀዳሁት። መጀመሪያ የተሰጠው ይጻፋል፣ ቀጥሎ የሚፈለገው፣ ከዚያ መፍትሔው። ከዜና አሠራር የራቀ ስላልሆነ አልከበደኝም። የእኔ ችግር ሌላ ነበር፤ ያላረጋገጥኩትን ነገር ለሰው መንገር አልችልም። የእሷ ችግር ደግሞ ያልተረጋገጠ ነገር ሲነገራት ዝም ማለት አለመቻሏ ነው። ሁለታችን አንድ ላይ ስንሆን አንድ ጥያቄ ሳምንት ይፈጅብን ነበር።

የመጀመሪያው ስለ መኪና ነበር። "ከከተማ ሀ አንድ መኪና በሰዓት ሠላሳ ኪሎ ሜትር እየተጓዘ ተነሣ። በዚያው ሰዓት ከከተማ ለ ሌላ መኪና በሰዓት ሃያ ኪሎ ሜትር ወደሱ ይመጣል። በሁለቱ ከተሞች መካከል ሃምሳ ኪሎ ሜትር አለ። ከስንት ሰዓት በኋላ ይገናኛሉ?"

"ከተማ ሀ የት ነው?"

"የትም አይደለም። ስም ብቻ ነው።"

"ስም ካለው የሆነ ቦታ ላይ ነው።"

በእኔ ሙያም ቦታው የማይታወቅ ዜና አይነበብም። ስለዚህ ከተማ ሀን ጋምቤላ፣ ከተማ ለን ኢታንግ አደረግሁት፤ ርቀቱ ልክ ሃምሳ ነው ብዬ እንደማልምል ግን ቀድሜ ነገርኳት። ከዚያ ደረጃ በደረጃ ሄድን። አንዱ ሠላሳ ይመጣል፣ ሌላው ሃያ ይመጣል፣ በአንድ ሰዓት ሃምሳ ይቀራረባሉ ማለት ነው። ሃምሳው ለሃምሳ ሲካፈል አንድ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ይገናኛሉ።

"ኬላው ላይ ነው የሚገናኙት" አለች።

"ኬላ የለም።"

"የኢታንግ መንገድ ላይ ኬላ የለም?"

"መንገዱ ላይ አለ። ጥያቄው ውስጥ የለም።"

"እንግዲያው ያ የኢታንግ መንገድ አይደለም። እኔ በየቀኑ በዚያ በኩል እሄዳለሁ። ማንን ነው የምታታልለው?"

ጋሼ በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው ይሰሙ ነበር። "ልክ ናት" አሉ። "ሹፌሩ ኬላው ላይ የሚያውቀው ሰው ካገኘ ደግሞ አንድ ሰዓት እዚያው ነው።" ነገሩ ከሁለት ምንጭ ስለተረጋገጠ ጥያቄውን አለፍነው።

ስድስት ሠራተኞች አንድ ጉድጓድ በአራት ቀን ቢቆፍሩ፣ ስምንት ሠራተኞች በስንት ቀን ይቆፍሩታል የሚለው መጣ። ስድስት በአራት ሃያ አራት፤ ሃያ አራት ለስምንት ሦስት። ሦስት ቀን። እሷ ግን ስምንት ሰው አንድ ጉድጓድ ውስጥ እንደማይገባ፣ ሁለቱ ከላይ ቆመው እንደሚያወሩ፣ የታችኞቹም ያንን ለመስማት ሥራ እንደሚያቆሙ ተናገረች፤ ስለዚህ አምስት ቀን። አልተስማማሁም፤ ግን መካድም አልቻልኩም። በማግስቱ ለዜና የማውቀውን የጉድጓድ ቆፋሪ ደውዬ ጠየቅሁት። "መሬቱ ድንጋይ ነው ወይስ አፈር?" አለኝ። አላውቅም አልኩት። "ታዲያ ሳታውቅ ምን ብለህ ትደውላለህ?" ብሎ ዘጋው።

ከሁሉ የባሰው ግን የከብቱ ነው። "አንድ አርቢ ከከብቶቹ ሩቡን ሸጠ። ሠላሳ ስድስት ቀሩት። መጀመሪያ ስንት ነበሩት?"

መጽሐፉን ዘጋችው።

"ይህን የሚጠይቀው ማነው?"

"መጽሐፉ።"

"የሰው ከብት ስንት ነው ተብሎ ይጠየቃል? ነውር ነው። አባቴን እንኳ ጠይቄው አላውቅም።"

"ቁጥሩን ካላወቅሽ ፈተናውን አታልፊም።"

"ምን አይነት ናቸው? ቀለማቸው ምንድን ነው?"

"አልተገለጸም።"

"ቀለማቸውን የማያውቅ ሰው ቁጥራቸውን ይጠይቃል።" መጽሐፉን መልሳ ከፈተችው። "ሩቡን ለምን ሸጠ? ምን ደረሰበት?"

ይህም አልተገለጸም። እኔ ግን ደረጃዎቹን ቀጠልኩ። ሩቡ ከሄደ የቀረው ሦስት አራተኛ ነው። ሦስት አራተኛው ሠላሳ ስድስት ከሆነ አንዱ አራተኛ አሥራ ሁለት ነው። አሥራ ሁለት በአራት . . .

"ጮክ አትበል" አለችኝ፤ ወደ አጥሩ እያየች።

በዚህ አኳኋን ፈተናው ላይ እንደማንደርስ ስለገባኝ ከብቶቹን አነሣሁና ጀሪካን ተካሁባቸው። አንድ ሰው ከጀሪካኖቹ ሩቡን ሸጠ፤ ሠላሳ ስድስት ቀሩት። አፍታም ሳትቆይ "አርባ ስምንት" አለች። ከዚያ ወዲህ በመጽሐፉ ውስጥ ያሉ ላሞች፣ በጎችና ፍየሎች በሙሉ ጀሪካን ሆኑ። አንድ ጥያቄ ላይ ጀሪካኖቹ ወተት ይሰጡ ነበር፤ እሱን ስትሠራ ምንም አላለችም።

የቧንቧው ጥያቄ ግን በጀሪካን አልተፈታም። የማታ አስተማሪያቸው ይህ አይቀርም ብሏቸዋል፤ ባለፈው ዓመት የወደቀችውም እሱ ላይ እንደሆነ ታምናለች። "አንድ ቧንቧ ታንከሩን በአራት ሰዓት ይሞላል። ከሥሩ ያለው ማፍሰሻ ሙሉውን ታንከር በስድስት ሰዓት ባዶ ያደርጋል። ሁለቱም አንድ ላይ ቢከፈቱ ባዶው ታንከር በስንት ሰዓት ይሞላል?"

"ማፍሰሻው ይዘጋ" አለች።

"አይዘጋም።"

"ለምን?"

"ጥያቄው ክፍት ነው ስላለ።"

"ማነው ውኃ ከላይ እየሞላ ከሥር የሚከፍት? በዚህ ከተማ? ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት? እብድ ነው። ለእብድ መልስ አልሰጥም።"

ይህን ሁሉ ያለችው ረጋ ብላ ነው። ሦስት ማምሻ በዚሁ ጥያቄ ላይ ቆየን። የመጨረሻው ማምሻ ላይ መጽሐፉን ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ "ይህ ካልገባኝ ሐምሌ ላይ ልጆቹ የሚበሉት የለም" አለች። በዚያው ረጋ ባለ ድምፅ።

በርሜሉን ያመጡት ጋሼ ናቸው። ሐሳቡም የሳቸው ነው። ከሥሩ ቀድሞም ቀዳዳ ስለነበረው ቧንቧ ገጠምንበት። የመጽሐፉ መልስ የሆነውን አሥራ ሁለት ሰዓት ሙሉ ግን አልቆምም ስላሉ፣ በመጽሐፉ ያለው አንድ ሰዓት ለእኛ አሥር ደቂቃ ይሁን ተባለ። ቅዳሜ ዕለት የላዩን ቧንቧ ብቻውን በአርባ ደቂቃ እንዲሞላ፣ የሥሩን ብቻውን በስድሳ ደቂቃ ባዶ እንዲያደርግ አስተካከልነው። በውኃው ጋሼ ማንጎውን አጠጡ። በእሁዱ ጎረቤቴ ከቤተ ክርስቲያን እንደተመለሰች፣ የአምልኮ ልብሷን ሳትቀይር፣ ስምንት ሰዓት ላይ ሁለቱንም ከፈትን።

ጋሼ ውኃው መሬት ላይ ሲፈስ ማየት አልቻሉም። ዕድሜያቸውን ሙሉ የመጋዘን እህል ሲጠብቁ የኖሩ ሰው ናቸው። ሄደው ጀሪካን አመጡና ከማፍሰሻው ሥር አስቀመጡ። ጀሪካኑ ሲሞላ በአጥሩ በኩል የምታይ ሌላ ጎረቤት "ውኃ መጣ እንዴ?" አለች። በእነሱ በኩል ከሐሙስ ጀምሮ አልመጣም ነበር።

"አልመጣም፤ ሒሳብ እየሠራን ነው" አልኳት።

"እኔም ትንሽ ልሥራ" ብላ ሁለት ጀሪካን ይዛ ገባች።

ከዚያ በኋላ የመጡትን አልቆጠርኳቸውም። በበሩ ገቡ፤ አንዳንዱ በአጥሩ ጀሪካን እያቀበለ ቆመ። ሁሉም በርሜሉን አንዴ ከላይ አንዴ ከሥር እያየ ያንኑ ይጠይቃል፤ ከሥር ለምን አትዘጉትም? ጥቂቶቹ ከመጀመሪያው ጀሪካናቸው በኋላ መጠየቅ አቆሙ።

ጎረቤቴ መጀመሪያ ዳር ቆማ ታይ ነበር። አንድ ሰው ጀሪካኑን ለመቀየር ማፍሰሻውን ሲዘጋ ግን ጣልቃ ገባች። "አትዝጋ!" አለችው። "ከዘጋኸው ጥያቄው ተበላሸ።" ከዚያ ኩሌ እንደምታደርገው ጀሪካኖቹን በመጡበት ቅደም ተከተል በአንድ መስመር ደረደረች፤ አንዱ ሲሞላ ቀጣዩ ሳይዘጋ ከሥሩ እንዲገባ አዘዘች። አንድ ሽማግሌ ሰልፉን ጥሰው ሊያልፉ ሲሉ በክርናቸው ይዛ ወደ ኋላ መለሰቻቸው። "አባባ፣ እዚህ ሁሉም እኩል ነው። ማፍሰሻው በሰዓት አንድ ስድስተኛ ነው የሚወስደው፤ ለእርስዎ ብሎ አይጨምርም።"

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጋሼ ዱላቸውን በርሜሉ ውስጥ ነክረው አወጡ። ግማሽ ደርሷል።

በዚያው ጊዜ የቀበሌው ሊቀመንበር ገባ። በዕድሜ ከሁላችንም የሚያንስ፣ በሸሚዙ ኪስ እስክሪብቶ የሚሰካ ሰው ነው። ሰልፉን ዳር እስከ ዳር አየው።

"ቦኖ የከፈተው ማነው?"

"ቦኖ አይደለም፤ የቤት ሥራ ነው" አልኩት።

"የስንት ሰው የቤት ሥራ?"

"የአንድ ሰው። የሷ።"

"ለሕዝብ ውኃ ማደል ፈቃድ ይፈልጋል፤ ጋዜጠኛ ሆነህ ይህ ይጠፋሃል?"

"ማንም አላደለም፤ ታንከር እየሞላን ነው" አለች ጎረቤቴ።

"ከሥሩ ያፈሳል እኮ።"

"እናውቃለን።"

"ታዲያ ለምን አትዘጉትም?"

ከስምንት ሰዓት ጀምሮ ይህን ጥያቄ ስትሰማ ውላለች። ወገቧን ይዛ ዞረችለት። መጽሐፉ ቤት ውስጥ ነበር።

"ሊቀመንበር፣ ስማኝ። የላዩ ብቻውን ቢሆን በአራት ሰዓት ይሞላዋል። በአንድ ሰዓት ስንቱን ሞላ? አንድ አራተኛ። የሥሩ ብቻውን ቢሆን በስድስት ሰዓት ይጨርሰዋል። በአንድ ሰዓት ስንቱን ወሰደ? አንድ ስድስተኛ። ከአራተኛው ላይ ስድስተኛውን ቀንስ።"

"አራተኛና ስድስተኛ እንዲሁ አይቀናነሱም" አለ ሊቀመንበሩ።

"አይቀናነሱም። መጀመሪያ አንድ ዓይነት ታደርጋቸዋለህ። አሥራ ሁለት ለሁለቱም ይሆናል። ሦስት አሥራ ሁለተኛ ገባ፣ ሁለት አሥራ ሁለተኛ ወጣ። ምን ቀረ?"

"አንድ" አሉ ወደ ኋላ የተመለሱት ሽማግሌ።

"አንድ አሥራ ሁለተኛ፣ አባባ። በየሰዓቱ አንድ አሥራ ሁለተኛ ከቀረለት በአሥራ ሁለት ሰዓት ይሞላል። እኛ ሰዓቱን አሥር ደቂቃ አድርገነዋል። መቶ ሃያ ደቂቃ። አሥር ሰዓት ላይ ይሞላል፤ አለቀ።"

ሊቀመንበሩ ትንሽ አሰበ። "ከሥር ብትዘጉት ግን አሁን ሞልቶ ነበር።"

"እሱ የሰባተኛ ክፍል ጥያቄ ነው" አለችው።

ሰልፈኛው ሳቀ። ሊቀመንበሩ አልሳቀም፤ ግን አልሄደም። ጋሼ ወንበር አመጡለት። ትንሽ ቆይቶ ወደ እኔ ዘንበል ብሎ "ይህ በሬዲዮ ይወራል?" አለኝ።

"አይወራም።"

"ለምን?"

"ገና አልተረጋገጠም።"

ይህ ምክንያት ያጠገበው መሰለኝ። ሰዓቱን ከእጁ ፈትቶ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠው። ከዚያ በኋላ ጀሪካን ያልያዙ ሰዎች ጭምር መምጣት ጀመሩ፤ ቆመው ያያሉ። አንዳንዱ እንዲሞላ ይፈልጋል፣ ተራው ያልደረሰው ደግሞ እንዳይሞላ። አንድ የባጃጅ ሹፌር ባጃጁን በሩ ላይ አቁሞ ገባና ከላይም ከሥርም አንዳንድ ቧንቧ እንዲጨመር ሐሳብ አቀረበ። ጎረቤቴ አስወጣችው።

ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ የላዩ ቧንቧ አየር ተፋና ዝም አለ። ፈረቃው ወደ ሌላ ሰፈር ዞሯል። የሥሩ መፍሰሱን ቀጠለ።

ሁሉም እሷን አየ።

"ተበላሸ" አሉ ጋሼ።

"አልተበላሸም፤ ሌላ ጥያቄ ሆነ" አለች። ዱላውን ተቀበለቻቸው፣ ነከረችው፣ እርጥቡን በጣቷ ለካች። "ዘጠና ደቂቃ ሄዷል። ከመቶ ሃያ ዘጠናው ሦስት አራተኛ ነው። ዱላውም ሦስት አራተኛ ይላል። ሙሉው በስድሳ ደቂቃ የሚያልቅ ከሆነ፣ ሦስት አራተኛው . . ." ቀና ብላ ወደ ማንጎው አየች፤ ከንፈሯ በኑዌርኛ ይንቀሳቀስ ነበር። "አርባ አምስት። አሥር ሰዓት ከሩብ ላይ ባዶ ነው። ከዚህ ጀሪካን በኋላ ያለው ወደ ቤቱ ይሂድ፤ አይደርሰውም።" እጇን በሰልፉ መካከል አሳለፈች።

የተቆረጡት ሰዎች አጉረመረሙ፤ ግን ሄዱ። ሊቀመንበሩ ቆየ።

በርሜሉ ባዶ የሆነው አሥር ሰዓት ከሃያ አምስት ላይ ነው። ውኃው ዝቅ ባለ ቁጥር ማፍሰሻው እየለዘበ ሄዶ አሥር ደቂቃ ዘገየ። ይህን ስነግራት ተናደደች፤ በመጽሐፉ አልተገለጸም አለችኝ። ሊቀመንበሩ ሰዓቱን መልሶ አሠረና "ለሚቀጥለው እሁድ ፈቃድ አምጡ" ብሎ ወጣ። ጋሼ ሰልፉ በማን ስሌት እንደተቆረጠ እስከ ምሽት ድረስ ለሚመጣው ሁሉ ሲያስረዱ አመሹ።

የሚቀጥለው እሁድ ላይ በርሜሉን አላወጣነውም። አላስፈለገም። የቧንቧ ጥያቄ በሰጠኋት ቁጥር ገና አንብቤ ሳልጨርስ "ገባ፣ ወጣ፣ ቀረ" እያለች መሥራት ጀመረች። መኪናዎቹንም ያለ ኬላ አገናኘቻቸው። ቆፋሪዎቹ ላይ ግን እስከ መጨረሻው ልቧ አልተቀበለም፤ ሦስት ቀን ብላ ትጽፍና "አምስት ነው" ትለኛለች።

በፈተናው ቀን አውሮፕላን ማረፊያ እንግዳ ለመቀበል ተመድቤ ስለነበር ስትገባም ስትወጣም አላየኋትም። ማምሻውን ከማንጎው ሥር ተቀምጣ አገኘኋት፤ ጫማዋን አውልቃለች።

"ቧንቧ መጣ?" አሏት ጋሼ።

"አልመጣም።"

"ያ ሁሉ ውኃ" አሉ ጋሼ።

"ከብትስ?" አልኳት።

"መጣ።"

"ጀሪካን አደረግሽው?"

"አላደረግሁትም። ባለቤቱን አላውቀውም፤ ቆጠርኩበት።"

ሰኔ ሲያልቅ ውሏም አለቀ። ውጤት ገና አልወጣም ነበር። ውጤት ያላመጣ ሰው መኪናው ላይ እንደማይወጣ ተነገራቸው። ሐምሌን ቤቷ ዋለች። ጠዋት ጠዋት መኪናው በሚነሣበት ሰዓት ግቢውን ትጠርጋለች፤ ከጠረገች በኋላ ደግሞ መልሳ ትጠርጋለች። ልጆቹ የሚበሉት በምን እንደነበር ጠይቄአት አልመለሰችልኝም። አንድ ቀን ጋሼ አንድ ጆንያ በቆሎ በራፏ ላይ አስቀምጠው ሄዱ፤ እኔ ነኝ አላሉም፤ እሷም ማነው አላለችም።

ውጤቱ መውጣቱን የሰማሁት ሥራ ላይ ሆኜ ነው። እንደ ዜና ከመነገሩ በፊት ራሴ ሄጄ አየሁት። ወረቀቱ በግድግዳው ላይ ከፍ ብሎ ስለተለጠፈ ሰዎች ልጆቻቸውን አንሥተው ያስነብቡ ነበር። ስሟን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ አጠገቤ የቆመ አንድ አስተማሪንም እንዲያነብልኝ ጠየቅሁት። በሒሳብ አልፋለች። በእንግሊዝኛ ለጥቂት ተርፋለች።

ወደ ቤት ስመለስ ሰው ነግሯት ነበር። ወረቀቷን ለመሥሪያ ቤቷ ሰጥታ፣ የተቀበላት ሰው "እንደውልልሻለን" ብሏታል። ሳምንቱ አለፈ፤ አልደወሉም። በስምንተኛው ቀን ራሷ ወደ መሥሪያ ቤቷ ሄደች።

ሰኞ ጠዋት፣ አንድ ሰዓት ላይ፣ ወደ ኩሌ የሚሄደው መኪና ከከተማው መሃል ተነሣ። በመንገዱ ማዶ ቆሜ ነበር። ከኋላ፣ በግራ በኩል ባለው መስኮት አጠገብ ተቀምጣለች።